ብሎክ ማድረግ ነውር ነው እንዴ?

መቼም እኩለ ሌሊት ላይ የማናውቀው ሰው በራችንን ቢደበድብ አንከፍትም። ነውረኛ የሚለንም የለም። በላፕቶፕ በኩል ሌት ተቀን ሲደበድበን ግን "ታገሺው፣ ይሰለቸዋል" እንባላለን። ለምን?

ይህን የምጠይቀው ሰንበቴ ባለች ጓደኛዬ ምክንያት ነው። ሰንበቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ የምታገኟት፣ በእሑድ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ጓደኛዬ እዚያ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ትሠራለች። ደንበኞቿ ወረቀታቸውን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩላታል፤ እሷ ላፕቶፗ ላይ ከፍታ ትጽፋለች። ስልክ ቁጥሯ ሱቋ በር ላይ በትልቁ ተጽፏል። አንድ ጎረምሳ ከዚያ ወሰደው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ "ናፈቅሽኝ"፣ ቀጥሎ "ከማን ጋር እንደምትሄጂ አውቃለሁ"። ደንበኛ አጠገቧ ቆሞ ማመልከቻ ሲያጽፍ የልጁ መልእክት ከስክሪኑ ጥግ ብቅ ይላል። አስቡት እንግዲህ!

"ብሎክ ላደርገው ነው" ስትል አክስቷ፣ "አንቺ ልጅ፣ ሰው ይዘጋል እንዴ? ነገ ገበያ ላይ ዓይን ለዓይን መተያየት አለ" አሏት። እውነታቸውን ነው፤ በትንሽ ከተማ የምትዘጊው ሰው የጎረቤትሽ የወንድም ልጅ ነው። እሷ ግን መልእክቶቹን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ዝም ብለው ሰሙና፣ "በይ ዝጊው" አሉ። ገበያ ላይ ሰላምታ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ላፕቶፕሽን ክፍት መተው ሌላ።

እስቲ ወደ ሥራው እንግባ። ዛቻ ካለበት፣ ከመዝጋታችሁ በፊት የላኪው ማንነትና ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ቴሌግራም ላይ ላኪው የጻፈውን ከእናንተም ዘንድ ሊያጠፋው ይችላልና። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 13፣ ስለ ተጎጂው ወይም ስለ ቤተሰቡ በኮምፒዩተር መልእክት ደጋግሞ እየላከ ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና የፈጠረ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከከበደ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። አቤት ስትሉ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል።

ከዚያ የሰውዬውን ስም ተጭናችሁ ፕሮፋይሉን ክፈቱ፤ ብሎክ የሚለውን እዚያ ታገኙታላችሁ። ላፕቶፕ ላይ የዘጋችሁት ስልካችሁም ላይ ይዘጋል፤ አካውንቱ አንድ ነዋ። ለእሱም "ተዘግተሃል" የሚል ማስታወቂያ አይደርሰውም።

ግን ሁሉም በር አልተዘጋም። የጋራ ግሩፕ ካላችሁ እዚያ የምትጽፉትን ያያል። በተራ ስልክ መደወልም ይችላል፤ እሱን ስልኩ ላይ ለብቻው መዝጋት ነው። አዲስ ሲም አውጥቶ በሌላ ስም ሊመጣም ይችላል። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለው ጋ ገብታችሁ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይና ማን ግሩፕ ውስጥ እንደሚከታችሁ እናንተው ወስኑ። ጂሜይል ደግሞ ሌላ ነው፤ ብሎክ ያደረጋችሁት ሰው ደብዳቤ አይመለስም፣ ስፓም ውስጥ ይገባል። ዛቻ ከፈራችሁ አልፎ አልፎ እዚያም ተመልከቱ።

ወንድሞቼ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ሁለት ጊዜ ጽፋችሁ መልስ ካጣችሁ ሦስተኛውን ተዉት። ብትዘጋችሁም በሌላ ቁጥር አትምጡ፤ ሽማግሌም አትላኩ። አልፈልግም ብላችኋለች፣ አለቀ።

"ታገሺው" የምትሉ ዘመዶችም ምክሩን ከመስጠታችሁ በፊት መልእክቶቹን አንብቡ። ያን ጊዜ ነውሩ የማን እንደሆነ ይገባችኋል።