«ኔትወርክ አለ?» መተማ ላይ

ከጎንደር በአዘዞ ወጥታችሁ፣ አይከልን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ገንዳ ውኃ ላይ ሸሚዙም ይከብዳል። መተማ ዮሐንስማ ሌላ ነው! በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል። ማዶ ያለችው ገላባት ሱዳን ናት። ታሪክ ወዳድ እንግዳ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ሥፍራ ይጠይቃል፤ ወጣቱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኔትወርክ አለ?» ብሎ ነው።

በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መገልበጥ የሁሉም ሥራ ሆኖ ነበር። አንድ የማውቀው የመተማ ልጅ ግን በሩ ሲንኳኳ መዋሉ ሰለቸው። አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ጄሊፊን የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫነ፣ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሰካ፣ ከራውተር ጋር አገናኘው። አለቀ! ጓደኞቹ በዋይፋይ ገብተው፣ ስልካቸው ላይ የላፕቶፑን አድራሻ ጽፈው ያሻቸውን ያያሉ። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ካርድ አይበላም። አንዱ ፊልም 1.5 ጊጋባይት ቢሆን እንኳ ከ600 በላይ ይይዛል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል። ራውተሩ ግን ወዲያው ይሞታልና ለሱም ባትሪ ፈልጉለት። ደግሞ ቆርቆሮው ሥር ሰቅላችሁ እንዳታስቀምጡት! ፊልሙም ስልክ በቀጥታ በሚያነበው ዓይነት ይሁን፤ አለዚያ ላፕቶፑ ሲቀይር እየዋለ ይግላል፤ የመተማ ሙቀት አንሶት።

ጣጣው የመጣው ግን በሌላ በኩል ነው። አንዱ ጓደኛው «ዘፈን አለበት» ብሎ የስልኩን ሜሞሪ እንዳለ ገለበጠበት። ውስጡ የቀድሞ ፍቅረኛው ፎቶዎች ነበሩ፤ ለሱ ብቻ ብላ የተነሳቻቸው። እስኪመሽ ያላየ የሰፈሩ ጎረምሳ አልተገኘም። ልጅቷ ሻይ ቤቷን ዘግታ ሰነበተች። በኋላ ባለ ላፕቶፑ ቤት መጥታ «አንተ ቤት ነው የታየሁት» አለችው። «እኔ አልጫንኩትም» አላት።

መልስ ነው ይሄ? ላፕቶፑ የማን ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

ያኔ ባይገባውም በኋላ ገብቶታል። አሁን የሚጭነው እሱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና የይለፍ ቃል አለው፤ ማውረድ ተከልክሏል፤ የቤተሰብ ቪዲዮ ለባለቤቱ ብቻ በሚከፈት ክፍል ተቀምጧል። በየስልኩ የወረደውን ፎቶ ግን ማን መልሶ ይሰበስበዋል? (የፊልሞቹን ነገርም ሳልነካ አላልፍም፤ ገዝቶ ለራስ መያዝ አንድ ነገር ነው፣ የሰው ላብ ለሰፈር ማደል ሌላ። የቅጂ መብት አዋጅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ።)

ከነዚያ ክፍሎች አንዱ የአንድ ሱዳናዊ አዛውንት ነው። በሚያዝያ 2015 አገራቸው ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በገላባት በኩል ሲሻገሩ፣ የልጃቸውን ሠርግ የያዙት መስታወቱ በተሰበረ ስልክ ላይ ብቻ ነበር። ባለ ላፕቶፑ አወጣላቸው። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ይመጣሉ፤ እሱም ከፍቶላቸው ወደ ውጪ ይወጣል።