አንድ ወር ለሚኖር ቢል

የመብራትና የውሃ ቢል ዕድሜው አጭር ነው። ይታተማል፣ ይከፈልበታል፣ ከዚያ ወይ ፌስታል ውስጥ ይቀመጣል ወይ ይጣላል። ታዲያ ለዚህ በዶላር የሚገዛ አዲስ ነጭ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል?

የጋዜጣ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ያንገበግበኛል። የወረቀት ዋጋ ስንቱን ጋዜጣ ከገበያ እንዳስወጣ አይቻለሁ።

«ቴሌብር እያለ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቻችን በስልክ መክፈል ለምደናል። እናቴ ግን ዛሬም ወረቀቱን በእጇ ካልያዘች «ከፍያለሁ» አትልም። ክርክር ቢነሳ ማስረጃዋ እሱ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን እንቀይርላት እንጂ አንንጠቃት።

ወረቀት ተፈጭቶ በተሠራ ቁጥር ቃጫው ያጥራል፤ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ቢሠራ ነው። ለዓመታት የሚነበብ መጽሐፍ አዲሱን ያግኝ፣ ለቢል ግን ዳግም የተሠራው ይበቃል።

አታሚዎች «አቧራ ያበዛል፣ ማሽን ውስጥ ይቀረቀራል» ይላሉ። ጥራቱ የወረደው በእርግጥ ያስቸግራል። መፍትሔው ጨረታው ላይ የወረቀቱን ግራምና እርጥበት በግልጽ ማስፈር፣ ከዚያም በአንድ ማሽን ላይ አንድ ወር መሞከር ነው። በሙቀት የሚታተመው የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝም ኬሚካል የተቀባ ስለሆነ ከሚሰበሰበው ወረቀት ጋር አይቀላቀል።

ያለቀ ደብተርና አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ በሚሸጥበት አገር ሰብሳቢ አይቸግርም። የሚያስፈልገው ትልቅና ቋሚ ገዢ ነው። በየወሩ ቢል ከሚያትም ተቋም የተሻለ ቋሚ ገዢ ከየት ይመጣል?