ሥዕልና ልጆች በአንድ ቤት

ገበሬ በማረሻው፥ ሸማኔ በመወርወሪያው፥ አንጥረኛ በመዶሻው ይታወቃል፤ ሥራቸውም ሥራ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ሠዓሊ ግን ብሩሹን ይዞ ከሸራው ፊት በቆመ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያየው ሥራ ፈትቶ የሚጫወት ሰው ነው። ሳይነቃነቅ ቆሞ ያልተቀባውን ስፍራ ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ያየ ጎረቤት፥ «ዛሬ ሥራ የላቸውም» ብሎ ያልፋል። ሠዓሊዪቱ የሕፃናት እናት በሆነች ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ልጅ እያለቀሰ ቀለም የምትበጠብጥ እናት፥ በሰው ዘንድ ጨዋታዋን ከልጇ ያስበለጠች ትመስላለች። በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ስለዚሁ ነገር ነው፤ የምናገረውም ከሩቅ ሰምቼ ሳይሆን በገዛ ቤቴ እየኖርሁበት ነው።

ባለቤቴ ሠዓሊ ናት። እኔ በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ፥ ዲቁና ተቀብዬ፥ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ተምሬ መምህር የሆንሁ ሰው ነኝ። ሦስት ልጆች አሉን፤ ታላቂቱ 8፥ መካከለኛው 5 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ታናሺቱ ገና 2 ዓመት አልሞላትም። የምንኖረው በአዲስ አበባ፥ ሁለት ክፍልና አንዲት በረንዳ ባላት የኪራይ ቤት ነው። የባለቤቴም የሥራ ስፍራ ያች በረንዳ ናት።

በአገራችን ሥዕልና ቤተሰብ ባዕዳን ሆነው አያውቁም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለብዙ ዘመን ከአባት ወደ ልጅ፥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ነው። ልጁ መጀመሪያ ቀለም ይፈጫል፤ ሙጫ ያፈላል፤ ከግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የጥጥ ጨርቅ ያዘጋጃል፤ ዓይኑና እጁ ሲጠነክርም ብሩሽ ይሰጠዋል። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን የመሠረቱት፥ ዛሬም ትምህርት ቤቱ በስማቸው የሚጠራው ሠዓሊ ዓለ ፈለገ ሰላም፥ ቺካጎ ድረስ ሄደው ዘመናዊውን ሥዕል ቢማሩም፥ የተወለዱት ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ ነው። ሙያው ወደ እርሳቸው የመጣው በቤት በኩል ነበረ።

ነገር ግን በዚያ በጥንቱ ቤት ሠዓሊው አብዛኛውን ጊዜ አባት ነበረ። እርሱ ሲሥል ሕፃኑን የምታዝል፥ እሳቱን የምትቆሰቁስ፥ የታመመውን የምታስታምም ሌላ ሰው ነበረች። የሠዓሊው ሰዓት ሳይቆረጥ የኖረው በእርሷ ጀርባ ነው። እንግዲህ ሠዓሊዪቱ ራሷ እናት በሆነች ጊዜ፥ ያ ጀርባ የማን ይሁን? የቤታችን ጥያቄ ይህ ነበረ።

ጥያቄው ፊት ለፊት የመጣብን ባለፈው ዓመት ነው። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ለአዳራሹ 4 ትልልቅ ሥዕሎችን አዘዘ፤ የዋጋውንም እኩሌታ ቀብድ ከፈለ። ገንዘቡ ለሸራ፥ ለቀለምና ለሁለት ወር የቤት ኪራይ ወጣ። ሥራው ሊሰጥ አንድ ወር ሲቀረው ታናሺቱ ልጃችን፥ ያን ጊዜ የ9 ወር ሕፃን፥ በሳንባ ምች ታመመች። 6 ቀን ሐኪም ቤት ተኛች፤ ከወጣችም በኋላ ከእናቷ ክንድ አልወርድም አለች። ከአራቱ ሥዕሎች ያለቀው አንዱ ብቻ ነበረ። ሁለተኛው በከፊል ተቀብቶ፥ የቀሩት ሁለቱም ነጭ ሸራ እንደ ሆኑ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ቀብዱን እንመልስ ብንል ገንዘቡ የለም፤ ሥራውን እንፈጽም ብንል እጅ የለም።

በዚያ ሳምንት ዘመድ የታመመች ሊጠይቅ መጣ፤ ምክርም አብሮ መጣ። አንዱ ሥዕሉን ትታ ትንሽ ሱቅ ብትከፍት ይሻላል አለ። ሌላው ልጆቹ ነፍስ እስኪያውቁ ብሩሹ ይቀመጥ አለ። ሁሉም የተናገሩት በፍቅር ነው፤ ባለቤቴም ዝም ብላ ሰማቻቸው። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «የፈራሁት ገንዘቡን አይደለም። አሥር ዓመት ካስቀመጥሁት እጄ ይረሳል። እጄ ከረሳ በኋላ ልጆቼ የሚያውቋት እናት እኔ ሳልሆን ሌላ ሴት ትሆናለች።»

በማግሥቱ አማቴ መጡ። ሰባት ልጆች ያሳደጉ ብርቱ ሴት ናቸው። የልጃቸውን ፊት አይተው ነገሩን ተረዱትና፥ «ልጄ፥ እኔስ መቼ ሥራ ፈትቼ ዐውቃለሁ? አንቺን አዝዬ እየፈተልሁ አይደል ያሳደግሁሽ? አንቺም እንዲያው አድርጊ» አሏት። ባለቤቴም ፈገግ ብላ፥ «እማዬ፥ እንዝርት እኮ ቢያስቀምጡት ይጠብቃል» አለቻቸው።

በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ አለ። የምትፈትል እናት ልጅ ባለቀሰ ጊዜ እንዝርቷን ታኖራለች፤ ተመልሳም ክሩን ካቆመችበት ትቀጥላለች፤ ቢበጠስም ትቀጥለዋለች። ሥዕል ግን እንዲህ አይደለም። ሠዓሊዪቱ የአንዲት ሴትን ጉንጭ ለመቀባት ሦስት አራት ቀለም ደባልቃ የምትሻውን መልክ ስታገኝ ልጅ ቢጠራት፥ አክሪሊክ የተባለው ቀለም ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ቆይታ ስትመለስ ደርቆ ታገኘዋለች። የዘይት ቀለም ከሆነ በእርግጥ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይጠብቃል፤ ቀለሙ ቢጠብቅም ግን ዓይን አይጠብቅም። ያ ጥላ ከዚያ ብርሃን ጋር እንዴት እንዲገናኝ ታስብ እንደ ነበር ፍለጋዋን እንደ ገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በቀን አሥር ጊዜ የተቆረጠ የ6 ሰዓት ሥራ፥ ሳይቆረጥ የተሠራ የ2 ሰዓት ሥራ አያህልም።

ስለዚህ የሚያስፈልጋት ብዙ ሰዓት ሳይሆን ያልተቆረጠ ሰዓት መሆኑን ተነጋገርን፤ ቤታችንንም በዚሁ መሠረት አዘጋጀን። መጀመሪያ ወደ ደንበኛው አብረን ሄደን እውነቱን ነገርነው፤ ያለቀውንም ሥዕል አሳየነው። እርሱም የልጆች አባት ነውና 5 ሳምንት ጨመረልን። ቀጥሎ እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ በሁለት ሰዎች ቤት ልጆች አስጠና የነበረውን ተውሁ። ገንዘቡ በቤታችን የሚታወቅ ገንዘብ ነበረ፤ ይሁን እንጂ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ሦስቱም ልጆች የእኔ ሆኑ። በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች ልጅ ቢወድቅ የማነሣው እኔ ነኝ፤ ቢርበው የማበላው እኔ ነኝ፤ እንግዳ ቢመጣ የምቀበለው እኔ ነኝ። የበረንዳው በር ይዘጋል። ቅዳሜ ደግሞ አማቴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ይመጡልናል።

የቀረውን ጊዜ ባለቤቴ ለሥራው ዓይነት ከፋፈለችው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ በመብራት ሸራ ትወጥራለች፤ በከሰል ትነድፋለች። በመብራት ቀለም አትቀባም፤ የመብራት ቢጫነት ዓይንን ስለሚያታልል፥ ማታ ያማረው ሰማያዊ ጠዋት ሌላ ሆኖ ይገኛልና ነው። ሕፃኗ ቀን በተኛች ጊዜ፥ ቢቆረጥ የማያስቆጭ ሥራ ትሠራለች፤ ክፈፍ ትቀባለች፤ ብሩሽ ታጥባለች፤ ሒሳብ ትጽፋለች። ፊትን፥ እጅን፥ ብርሃንን የሚመለከተው ሥራ ሁሉ የሚቆየው ለእነዚያ በር ለሚዘጋባቸው ሰዓቶች ነው። አራቱም ሥዕሎች በተጨመረልን ቀን አልቀው ተሰጡ።

ባለቤቴ ካሏት መጻሕፍት በአንዱ ውስጥ ልጆቹ ደጋግመው የሚገልጡት አንድ ሥዕል አለ። አንድ ጢማም አባት በአትክልት ስፍራ ተቀምጦ ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር ሲጫወት ይታያል። የሣለችው በርት ሞሪዞ የተባለች ፈረንሳዊት ሠዓሊ ናት፤ አባቱ ባሏ ኤውጄን ማኔ፥ ልጅቷም ልጃቸው ጁሊ ናት። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1881 ነበረ። ይህች ሴት ከ1874 እስከ 1886 በፓሪስ ጓደኞቿ ካሳዩአቸው 8 ዐውደ ርእዮች በ7ቱ ሥራዋን አቅርባለች፤ የቀረችው በ1879 ብቻ ነው፤ ይኸውም ጁሊ በተወለደች ማግሥት ነው። ከዚያ በኋላ ተመልሳ ልጇን እያሳደገች፥ ልጇንም እየሣለች ኖረች። እነርሱ ባለጸጎች ስለ ነበሩ ሞግዚት ነበራቸው፤ እኛ የለንም። እኔ ግን ያን ሥዕል ባየሁ ቁጥር የማስበው ስለ ባልየው ነው። እናት ትሥል ዘንድ ልጅን ይዞ የተቀመጠ አባት በሥዕሉ መካከል አለ።

ስለ ሰዓት ይህን ካልሁ፥ ሠዓሊ ያለበት ቤት ሁሉ ሊያውቀው ስለሚገባ አደጋ ልናገር። ቀለም ለዓይን ያማረ ቢሆንም ለሕፃን አፍ መልካም አይደለም። በጥንቱ ዘመን እንኳ ከሚወደዱት ቀለሞች አንዱ ቢጫ አርሴኒክ፥ አንዱም ቀይ ሜርኩሪ ነበረባቸው። ዛሬም እርሳስ ያለበት ነጭ፥ ካድሚየም ያለበት ቀይና ቢጫ ይገኛል። እርሳስ ስል ብረቱን ማለቴ ነው እንጂ ልጆች የሚጽፉበትን አይደለም። ይህ ብረት የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያመጣ መጠኑ እንደማይታወቅ ይናገራል። ስለዚህ ባለቤቴ እርሳስ ያለበትን ቀለም ወደ ቤት አታስገባም፤ የደረቀ ቀለም ቤት ውስጥ አትፍቅም፤ እጇን በሳሙና ሳትታጠብና የሥራ ልብሷን ሳትለውጥ ሕፃን አታቅፍም።

ከዚህ የከፋው ግን አኳራጅና ተርፔንታይን ነው። እነዚህን ቀለም ማቅጠኛዎች፥ እንደዚሁም ነጭ ጋዝን፥ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ሕፃንም ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ፥ ልጁን በግድ ማስታወክ አይገባም፤ ፈሳሹ ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ ጉዳቱን ያብሳልና። ጠርሙሱን ይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። በእኛ ቤት እነዚህ ነገሮች በራሳቸው ዕቃ፥ ስማቸው ተጽፎባቸው፥ ቍልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅም ተከምሮ ሲቀመጥ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል፥ ውሃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ይጣላል።

ያልተቆረጠ ሰዓት የሚሻው ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ልጅም ይሻዋል። ይህን ያስተማረችን ታላቂቱ ልጃችን ናት። አንድ ማታ ስታጠና ቆይታ፥ «እማዬ በረንዳ ላይ ስትሆን የእኛ አይደለችም፤ ስትገባም ገና በረንዳው ላይ ናት» አለችኝ። ቃሉን ለእናቷ ነገርኋት፤ እርሷም ብዙ አሰበችበት። ከዚያ ወዲህ 12 ሰዓት ሲሆን ብሩሹ ይታጠባል፤ እስከ ራት ያለው ጊዜ የልጆቹ ነው። ስልክ አይነሣም፤ ስለ ሸራው አይታሰብም። አንዱ የዕለቱን ወሬ ያወራል፤ አንዷ ጠጕሯን ትሠራለች፤ ትንሿ ጭን ላይ ትወጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በረንዳው ተጠርጎ ለልጆቹ ይከፈትና ወረቀት፥ ከሰልና ለልጆች የተሠራ የውሃ ቀለም ይሰጣቸዋል። ልጁ እስካሁን የሚሥለው አህያ ብቻ ነው። እናቱ አታርመውም፤ ስለ አህያው ጆሮ ብቻ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ወጥቶ የመንገዱን አህያ አይቶ ይመለሳል።

ገንዘብን በሚመለከት፥ የመምህር ደመወዝ ትንሽ ቢሆንም በየወሩ ይመጣል፤ የሠዓሊ ገንዘብ ግን እንደ ክረምት ጐርፍ ነው፤ ሲመጣ ይሞላል፤ ሲጠፋ ደረቅ ነው። እኛ የዘወትሩን ወጪ በደመወዝ እንችላለን። ሥዕል ሲሸጥ አስቀድመን የሚቀጥለውን ሸራና ቀለም ዋጋ፥ ከዚያም የሁለት ወር ኪራይ እናስቀምጣለን፤ የተረፈው ለልጆቹ ትምህርት ነው። ቀድሞ በዓመት 12 ያህል ሥዕል የምትጨርሰው ባለቤቴ ባለፈው ዓመት የጨረሰችው 7 ብቻ ነው። የእኔም የማስጠናት ገንዘብ ቀርቷል። ይህ ኪሳራ ነው፤ ኪሳራ አይደለም ብዬ አላታልልም። ዐውቀን የከፈልነው ዋጋ ግን ነው። ልጅ ሲታመም ዛሬም በሩ ይከፈታል፤ ብሩሹም ይጠብቃል።

ውድ አንባቢ፥ በቤትህ የምትሥል፥ የምትጽፍ ወይም ጥልፍ የምትጠልፍ እናት ትኖር ይሆናል፤ እንደዚሁ ያለ አባትም ይኖር ይሆናል። «ሥራውን ትተዪው?» ወይም «ልጆቹን ለማን ትሰጪያቸው?» ብለህ ከመጠየቅህ በፊት፥ ከቀኑ ውስጥ ሊቆረጥ የማይገባው የትኛው ሰዓት እንደ ሆነ ጠይቃት፤ በዚያም ሰዓት ሕፃኑን የሚይዘው ማን እንደ ሆነ አብራችሁ ወስኑ። ሁለት ሰዓት ትንሽ ነው። ማንም ያልቆረጠው ሁለት ሰዓት ግን፥ ከቀን ቀን ሲጠራቀም፥ ሥዕሉን ያስጨርሳል፤ ልጅንም ያጠግባል።