ባትሪውን ከመክሰሳችሁ በፊት

ሰኔ ሲቃረብ ዶካ ላይ የባትሪ ገበያው ይደራል። ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ያለች ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበት ጥቁር ዋልካ ነው። አሮጌ ትራክተር ያለው ሁሉ ከዝናቡ በፊት ሊያስነሳ ይሞክራል፣ እምቢ ሲለው አዲስ ባትሪ ገዝቶ ይሄዳል፣ ብዙም ሳይቆይ ያው ሰው ያንኑ ባትሪ ተሸክሞ ይመለሳል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛልና ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍበት። መተማ፣ ሁመራና አብርሃጅራ ያላችሁ የትራክተር ሰዎች አንብቡት። ጣና ላይ ጀልባ የምትሠሩ የድሮ ጓደኞቼም እንዲሁ።

ጀልባና ትራክተርን ምን አገናኛቸው ለምትሉ፣ ሞተር ነው ያገናኛቸው። ሙያውን የጀመርኩት ባሕር ዳር፣ ጀልባ ሆድ ውስጥ በተቀመጡ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ነው። ዶካ ስመጣ ያገኘሁት ያንኑ ዘመድ ነበር። ትራክተር ሠሪው ማሲ ፈርጉሰን ሞተር ሠሪውን ፐርኪንስን የገዛው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የወጡት የማሲ ትራክተሮች አብዛኞቹ በፐርኪንስ ሞተር ነው የሚሄዱት። ፐርኪንስ 4.236 የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ለምሳሌ ትራክተር ላይ አርሷል፣ ለውሃ ተስተካክሎም ጀልባ ነድቷል። ዲናሞው፣ ሬጉሌተሩ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የአምፔር መለኪያ፣ ችግሩም ሳይቀር አንድ ነው።

የእነዚህ ሞተሮች ጥሩ ጠባይ ነው ሰውን የሚያታልለው። የድሮ ናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ ኤሌክትሪክ አይለምንም። ናፍጣውን የሚረጨው ከሞተሩ ጋር በጥርስ የሚዞር ፓምፕ ነው፤ የሚያቀጣጥለው ደግሞ የታመቀው አየር ሙቀት ነው። ስለዚህ ዲናሞው ሥራ ካቆመ ቀናት ቢያልፉም ሾፌሩ ምንም አይታየውም፣ ያርሳል፣ ይዘራል። የሚነቃው ባትሪው ካለቀ በኋላ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ነው። ጣና ላይ ደግሞ የሚነቁት ፕሮፔለሩ ላይ እምቦጭ ወይም መረብ ተጠምጥሞ፣ እሱን ለማላቀቅ ሞተር አጥፍተው እንደገና ሲሞክሩ ነው። ዋልካው ከራሰ በኋላ እርሻ መሀል የቆመ ትራክተር ጋ በመኪና መድረስ አይቻልም፤ ሐይቅ መሀል እንደ መቆም ነው።

ገዳሪፍ እንግሊዞች በ1940ዎቹ አጋማሽ ጋዳምባሊያ ላይ የትራክተር እርሻ ከጀመሩ ወዲህ በማሽን ነው የምታርሰው። ትራክተር ቆሞ ዘር ሲዘገይ የሚጎዳው ባለ እርሻው ብቻ አይደለም። ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ ተሻግሮ የሚመጣው የእኛ ልጅ የሚከፈለው ከዚያው ምርት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ከዶካ በስተደቡብ አንድ እርሻ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ «ያ ባሽሙሃንዲስ፣ ባትሪው አዲስ ነው፣ ከሱም በፊት አዲስ ገዝቼ ነበር» አሉኝ። በሌላ ትራክተር ባትሪ አስነሳንና ባትሪው ላይ ቴስተር አደረግሁ፦ 12.3 ቮልት። ሞተሩን ከፍ ሲያደርጉትም ንቅንቅ አላለም። ጤነኛ ዲናሞ ቢሆን ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ መውጣት ነበረበት። ቺንጋው ጥሩ ነው፣ ሽቦውም ቦታው ላይ ነው። ሞተሩን አጥፍተን ቁልፉን ብቻ ስንከፍት ግን ቀዩ የቻርጅ መብራት አልበራም። ሾፌሩ መብራቱ አለመብራቱን የጤና ምልክት አድርጎት ኖሯል።

ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው። ዲናሞ (አሁን የምንለው ኦልተርኔተሩን ነው) ከባዶ ተነስቶ ኤሌክትሪክ አይሠራም፤ መጀመሪያ ውስጡ ያለው ተሽከርካሪ ማግኔት እንዲሆን ጥቂት ኤሌክትሪክ ከባትሪው መቅመስ አለበት። በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ያ ቅምሻ የሚመጣው በዚያች ቀይ አምፖል በኩል ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች መንገዱ ይዘጋል። አንዳንዱ ሞተሩ በጣም ሲጮህ ብቻ ይነቃል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይነቃም። በኤልኢዲ የቀየሯትም ብዙ ጊዜ እዚሁ ችግር ውስጥ ይገባሉ፣ ምክንያቱም ኤልኢዲ የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ከቆመ ሎሪ ላይ አምፖል ፈትተን ከተትን፤ ሲነሳ 14.1 አሳየ። ሽማግሌው ቴስተሩን ከእጄ ተቀብለው ቁጥሩን ደጋግመው አዩት። ሁለት ባትሪ ተገዝቶ የነበረው ለዚያች አምፖል ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀልም። ጀልባ ላይ ያስቸገረኝ የሽቦው ርዝመት ነበር፤ ከዲናሞው የሚወጣው ኤሌክትሪክ እስከ ነጂው መቆሚያ ድረስ ሄዶ በአምፔር መለኪያው ውስጥ አልፎ ነው ወደ ባትሪው የሚመለሰው፣ መሀል ላይ ያሉት መጋጠሚያዎች በእርጥበት አረንጓዴ ዝገት ይይዛሉ። ዶካ ላይ ያንኑ ሥራ አቧራው፣ ንዝረቱና አይጡ ይሠሩታል። እንዲህ ዓይነቱ ሲገጥማችሁ ሞተሩ እየሠራ መብራቱን ሁሉ አብሩና፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የዲናሞው መውጫ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ዲናሞውን አትንኩት፣ ኤሌክትሪኩን መንገድ ላይ የሚበላው ሽቦው ነው። በኔጌቲቩም በኩል ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው እንዲሁ ለኩ። የላላ የግራውንድ ገመድ ስንቱን ዲናሞ ያለ ኃጢአቱ አስፈትቶታል!

ዲናሞው ቻርጅ ያደርግ አያደርግ እንደሆነ ለማየት ብላችሁ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ አትንቀሉ። ለድሮው ባለ ቀጥታ ዲናሞም አይበጅም፣ ኦልተርኔተር ሲሆን ግን ቮልቱ ድንገት ዘሎ ዲዮዶቹን ያቃጥላቸዋል። ይህን ልማድ የሚያስተምሩ ሰዎች ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ደግሞ ሙቀቱ አለ። ሚያዝያና ግንቦት ገዳሪፍ ቀን ቀን 40 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ከ15 ቮልት በላይ የሚሰጥ ከሆነ የባትሪውን ውሃ ያፈላዋል፤ ሽታው ይታወቃል፣ የባትሪው ሆድም ይነፋል። ውሃው ሲጎድል ንጹሕ የባትሪ ውሃ እንጂ የጉድጓድ ውሃ አይጨመርም፣ አሲድም አይጨመርም።

በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የሱዳኑ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ መለዋወጫ ከካርቱም እንደ ድሮው አይመጣም። ካርቦንና ሬጉሌተር ያለው አሮጌ ዲናሞ በብረት ዋጋ አትሽጡ፤ ከሁለት ሙት ዲናሞ አንድ ሕያው ይወጣል፣ ስናደርገውም ቆይተናል።

ኸሪፍ (የዝናቡ ወቅት) ከመግባቱ በፊት ቴስተር ያለውን ሰው ጠርታችሁ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር፣ ሲነሳ፣ መብራት ሁሉ በርቶ ሲሠራ። ቁጥሮቹን ከሞተሩ ዓይነት ጋር ከታች ብትጽፉልኝ እያየሁ እመልሳለሁ።