ከፍቺ በፊት የሚደርስ ትዕዛዝ

ድሬዳዋ በሙቀቱ ወራት በሯን ከፍታ፣ ግቢ ውስጥ አንጥፋ የምታድር ከተማ ናት። መጋላም ሆነ ገንደቆሬ፣ ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ የጎረቤት ጠብ ይሰማል። የምትደበደብ ሴት ሰሚ አላጣችም። ሲነጋ ሽማግሌ ይገባል፣ «ለልጆችሽ ስትዪ» ትባላለች፣ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች።

ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ሚስቱን ወይም ያለ ጋብቻ አብራው የምትኖረውን ሴት የጎዳ ሰው በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች እንዲቀጣ ይላል። ግን ቅጣት የሚመጣው ከተጎዳች በኋላ ነው። ጉዳቱ ቀላል ከተባለ ደግሞ ክሱ የሚንቀሳቀሰው በእሷ አቤቱታ ስለሆነ፣ «አንሺለት» የሚላት ዘመድ አይጠፋም። ሰውየው በዋስ ሲወጣ የቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው።

ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ስለሆነች የሚሠራባት የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። አንቀጽ 82ን እያንዳንዷ ሴት ብታውቀው እወዳለሁ። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት ወዲያውኑ ትዕዛዝ ይሰጣል፤ አንደኛቸው ከጋራ መኖሪያቸው እንዲወጣ ሲያዝም የልጆቹን ጥቅምና ቢወጣ ይበልጥ የሚጎዳውን ሰው ያያል። ስለዚህ ልጆቿን አንጠልጥላ ጎዳና መውጣት ያለባት እሷ አይደለችም።

ችግሩ መግቢያው ፍቺ መሆኑ ነው። ገና ያልቆረጠችው፣ ትዳሯን ሳይሆን ዱላውን የጠላችው፣ ሳይጋቡ አብራው የምትኖረው ምን ታድርግ? ኬንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሴቲቱ ሳትፋታ «እንዳይጠጋኝ» ብላ ትጠይቃለች፤ ዳኛውም አስቸኳይ ከሆነ ሰውየው ሳይቀርብ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይሰጣል። እኛ ጋ የቤት ውስጥ ጥቃትን ለብቻው የሚገዛ ሕግ የለም። ሐሳቡ ግን እንግዳ አይደለም፤ የ2003ቱ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ተከሳሽ ወደ ምስክር መኖሪያ እንዳይደርስ መከልከልን ያውቃል፤ ያም ቢሆን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። ጥፊና እርግጫ እዚያ አይደርሱም።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። ጠይቃ የምታገኘው «ታረቂ» ከሆነ ለምን ትጠይቃለች?

የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ ሴት ሳትፋታ «እንዳይጠጋኝ» የምትልበትን ሕግ አውጡልን። አባቶቼ፣ የድሬ ሽማግሌዎች፣ እስኪወጣ ድረስ ዕርቁን አታስቀድሙ፤ መጀመሪያ መቺው ሌላ ቦታ ይደር። አንቺም እህቴ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ድሬዳዋ ቅርንጫፍ አለው፤ ምክሩ በነፃ ነው። አቤቱታሽ ሲጻፍ «ከቤት ይውጣልኝ» የሚለው እንዳይቀር በይ።