የክረምት ጎማና የእኛ ክረምት



ቃል ከአገር ወደ አገር ሲሻገር መልኩን ሳይለውጥ ጠባዩን ይለውጣል። ከእነዚህም ቃላት አንዱ ክረምት የሚባለው ነው። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ቀን፣ ፀደይም ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን መሆኑን ተማርን። ከዚያም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተሻግረን የፈረንጅ ቋንቋ ስንጀምር፣ መምህራችን የፈረንጆችን የብርድ ወራት «ክረምት» ብለው ተረጐሙልን። ትርጓሜው ለመጽሐፍ ንባብ የሚበቃ ነበር፤ ለኦቶሞቢል ጎማ ግን እንደማይበቃ ባለፈው ዓመት በቤታችን የተነሣው ክርክር ያስረዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታላቅ እኅታችን ልጅ በጀርመን አገር፣ በባቫርያ ግዛት ሥራ ይዞ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። በግንቦት ወር አሮጌ መኪናውን ሸጦ ሌላ ሲገዛ የቀድሞው መኪና አራት የክረምት ጎማዎች በእጁ ተረፉ። የመኪናችንን የጎማ መጠን ጠይቆ፣ 195/65 አር 15 መሆኑንና ከእነዚያ ጋራ አንድ መሆኑን ባወቀ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ የአገራችን ክረምት ሳይበረታ በመርከብ ከሚጫን ዕቃ ጋራ ልላክልዎት፤ ጥርሳቸው ገና አላለቀም» ብሎ በስልክ ነገረን። የእኛም የኋላ ሁለት ጎማዎች ጥርሳቸው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበርና ስጦታው በጊዜው የመጣ መሰለ።

ባለቤታችን እጅግ ደስ አላት። ኑሮ በከበደበት ዘመን አራት ጎማ ያለ ዋጋ ሲመጣ እንቢ ማለት ኵራት ነው አለች። ታላቅ እኅታችንም «የልጄን እጅ እንዳትመልሱ» ሲሉ አስጠነቀቁን። በጎማው ጐን ላይ ኤም ፕላስ ኤስ የሚል ምልክት እንዳለና ፍችውም ጭቃና በረዶ ማለት እንደ ሆነ ልጁ ስለ ነገራት፣ ባለቤታችን፣ «ጭቃው በሰፈራችን ሞልቷል፤ በረዶም በሐምሌ ይወርዳል፤ ከዚህ ሌላ ምን ይፈለጋል?» ብላ ተከራከረች። ክርክሩ ጠንካራ ነበር። እኛ ግን በፍርድ ቤት ጸሓፊነታችን የሁለቱ ወገን ቃል ሳይሰማ መዝገብ እንዳይዘጋ ለምደናልና ጥቂት ቀን እንድትሰጠን ለመንናት፤ ጎሚስታ ጠየቅን፣ የሚነበበውንም አነበብን።

ያገኘነውም ይህ ነው። በቀዝቃዛ አገር ያሉ ሰዎች ሦስት ዓይነት ጎማ ይመርጣሉ። የበጋ ጎማ የሚባለው ጠንከር ካለ ቅመም የተሠራ ሲሆን፣ ሰፋፊ ቦዮቹ የዝናቡን ውሃ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ በሙቀት ጊዜ በደረቅም በእርጥብም አስፋልት አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ብርዱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ይደርቅና መያዣው ይላላል። የክረምት ጎማ የሚሉት ደግሞ በብርድ የማይደርቅ ለስላሳ ቅመም አለው፤ በጥርሶቹም ላይ እንደ ቢላዋ ስንጥቅ የቀጠኑ ብዙ መስመሮች ተቈርጠውበታል፤ እነዚህም የተነጠፈውን በረዶ ይነክሱታል። በዚህ ሥራ የፊንላንድ ሰዎች ቀደም ብለው ተነሥተው፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1934 ለጭነት መኪና፣ በ1936 ለትንሽ መኪና የሚሆን የበረዶ ጎማ አወጡ። ሦስተኛው ለሁሉ ወቅት የሚባለው ነው፤ በአሜሪካ አብዛኛው አዲስ መኪና ይህንኑ ተጫምቶ ይወጣል። ብርዱም ሙቀቱም መጠነኛ በሆነበት አገር ይበቃል፤ ነገር ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣምና፣ በጽኑ በረዶ ከክረምቱ ጎማ፣ በጽኑ ሙቀትም ከበጋው ጎማ ያንሳል።

በጀርመን አገር ነገሩ የምርጫ ብቻ አይደለም። ከ2010 ጀምሮ መንገዱ በረዶ ወይም አመዳይ በለበሰ ጊዜ ለዚያ የተሠራ ጎማ ሳይጫሙ መንዳት በሕግ ተከልክሏል። ከጥቅምት 2024 መጀመሪያ ወዲህም ኤም ፕላስ ኤስ የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሣለበት ምልክት ይፈለጋል፤ ይህ ምልክት በፈተና የሚገኝ ነውና። ሕዝቡም ጎማ የሚለውጥበትን ጊዜ እንዳይረሳ «ከኦክቶበር እስከ ፋሲካ» ይላል።

እንግዲህ ይህንን ይዘን ወደ አገራችን ክረምት እንመለስ። የአዲስ አበባ ክረምት የዝናብ ወራት ነው እንጂ ጎማ የሚያደርቅ ብርድ ያለበት አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ ወደ 20 ዲግሪ ይደርሳል፤ ደመናውም ሌሊቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። እጅግ የሚበርደው ሌሊት ሰማዩ በጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያም ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል። በረዶም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ግእዙ በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ እያለ ለይቶ ይጠራዋል። በሐምሌ በቆርቆሯችን ላይ የሚንኳኳው በረድ ነው፤ ወዲያውም ይቀልጣል። የባቫርያ ጎማ የተሠራው ግን ለሐመዳና ለአስሐትያ ነው። ይህ ለስላሳ ጎማ በሞቀ እርጥብ አስፋልት ላይ ሲሄድ ፍሬን በተያዘ ጊዜ መኪናው የሚቆምበት ርቀት ከበጋው ጎማ ይረዝማል፤ ወደ አዋሽ ቈላ በወረደ ጊዜም ቶሎ ይበላል። ስለ ጭቃው የተባለውን አንክድም፤ ጥርሱ በሰፈር ጭቃ ጥቂት ይረዳ ይሆናል። ነገር ግን ልጆቻችን በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ከሰፈራችን ጭቃ ይልቅ በአስፋልቱ ላይ ነው።

ደግሞም ዕድሜውን መረመርን። በእያንዳንዱ ጎማ ጐን ላይ አራት ቍጥር ታትሞበታል፤ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ልጁ ሲያነብልን 3616 ሆኖ ተገኘ፤ በ2016 በ36ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ብዙ ጎማ ሠሪዎች ጥርሱ ባያልቅ እንኳ ከ10 ዓመት በላይ አትንዱበት ሲሉ ይመክራሉ፤ የእነዚህም ቀን ሊመሽ ተቃርቦ ነበር።

በሥራችን የምናየው ነገርም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ። በመዝገብ ውስጥ «መንገዱ እርጥብ ነበር» የሚል ቃል ደጋግመን ጽፈናል፤ ዝናብ ግን ተከሶ ሲቀርብ አላየንም።

ይህንን ሁሉ ለባለቤታችን ባስረዳናት ጊዜ ዝም ብላ ሰማችና፣ «እንግዲያስ ስማቸው የብርድ ጎማ ይባል እንጂ የክረምት አይባል» አለች። ከዚህ የተሻለ ፍርድ እኛም አልጻፍንም። ወደ ልጁ ደውለን አመሰገንነውና፣ ጎማዎቹ በዚያው በተሠሩለት አገር ለሚጠቅማቸው ሰው እንዲሰጡ ጠየቅነው። እርሱም ሳይከፋው ሳቀ፤ ከአገር በቅርብ ለመጣና በሌሊት ወደ ዳቦ መጋገሪያ ሥራ ለሚሄድ ለአንድ ወንድማችን፣ ለአንዱ ክረምት እንኳ እንዲሆኑት፣ ሰጠው። ታላቅ እኅታችን ግን ፊታቸውን ለሁለት ሳምንት ያህል አጠቈሩብን። ኋላ የዚያ ልጅ እናት ከጎንደር ደውለው «ልጄን ከበረዶ ያተረፈ ልጅዎን እግዚአብሔር ያትርፍልዎ» ብለው በመረቋቸው ጊዜ ልባቸው ተመለሰ። እኛም ለእንቍጣጣሽ ያሰብነውን የቤት ቀለም ለሌላ ዓመት አቈይተን ሁለት አዲስ ጎማ ገዛን። ከኋላም እንዲታሠሩ አደረግን፤ በእርጥብ መንገድ የኋላው ሲንሸራተት መኪናው ይዞራልና ነጂው ሊያቀናው ይቸገራል።

አንባቢዎች ሆይ፤ ጎማ ስትገዙ ወይም ከባሕር ማዶ ሲላክላችሁ በስሙ አትርጉ። መጠኑን፣ አራቱን ቍጥርና የተራራውን ምልክት አንብቡ። የጥርሱ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ከደረሰ ጊዜው አልፏል፤ 3 ሚሊሜትር ሲሆንም ውሃ የመግፋት ኀይሉ እየደከመ ነውና ዝናቡ ሳይገባ ለውጡት። ነፋሱንም በወር በወር፣ መኪናው ሳይሞቅ አስለኩ። በብርድ አገር ያሉት ወገኖቻችሁ ደግሞ ስለ ጎማ ሲጠይቋችሁ፣ የእነርሱ ክረምት ሌላ መሆኑን አስባችሁ ምከሩአቸው፤ ለእነርሱ ለስላሳው ጎማ ቅንጦት ሳይሆን ሕይወት ነው። ስጦታንም ስትመልሱ ምክንያቱን ከነምስጋናው ንገሩ፤ ምክንያቱ የተነገረው እንቢታ ዘመድን አያርቅምና።