የሚነገረው ፍጥነትና የሚሄደው ፍጥነት

አንድ ወጣት ቀን ኮምፒውተር ሲጠግን ይውልና ማታ የኔትወርክ ሥልጠና ይከታተላል። አንድ ምሽት ጠረጴዛው ላይ ሦስት አሮጌ የሲስኮ ራውተሮች በሲሪያል ኬብል ተያይዘው ተሰጡት። አንደኛው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛው ቅርንጫፍ፣ ሦስተኛው መሀል ላይ ያለ ከተማ ነው ተባለ። ሥራው ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ፋይል መላክ ነው።

ፋይሉ ተንቀረፈፈበት። ቀጥታውን መስመር ለማፍጠን በሁለቱም ጫፍ «ባንድዊድዝ 2000» ብሎ ጻፈ፤ በሰከንድ 2 ሺህ ኪሎቢት ማለት ነው። ደግሞ ሞከረ። ምንም ለውጥ የለም።

«ቲቸር፣ ፍጥነቱን ጨምሬው የለ እንዴ? ለምን አይፈጥንም?»

«አልጨመርከውም። ጨምሬያለሁ ብለህ ነው ያወራኸው» አለው መምህሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ራውተሮች በሲሪያል ኬብል በቀጥታ ሲገናኙ እውነተኛውን ፍጥነት የሚወስነው ክሎክ ሬት ነው። ዲሲኢ የሚባለው ጫፍ ከበሮውን ይመታል፤ ዲቲኢ የሚባለው በዚያ ምት ይራመዳል። ምቱ ከሌለ ኬብሉ ቢሰካም መስመሩ አይሠራም። ከቴሌኮም ድርጅት በተከራዩት መስመር ላይ ደግሞ ምቱ የሚመጣው ከአቅራቢው መሣሪያ ነው።

ባንድዊድዝ ግን ወሬ ነው። ዳታውን አያፈጥነውም፣ አያዘገየውም። ወሬውን የሚሰሙት እንደ ኦኤስፒኤፍ ያሉ መንገድ መራጭ ፕሮቶኮሎች ናቸው። ማንም ካልነገረው ራውተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሲሪያል መስመርን 1544 ኪሎቢት አድርጎ ይገምታል፤ የአሜሪካው ቲ1 መስመር ፍጥነት ነው።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀጥታው መስመር በ64 ኪሎቢት የሚሄድ ነበር። በመሀለኛው ከተማ የሚዞረው መንገድ ግን ሁለቱም ክፍሎቹ 512 ኪሎቢት ናቸው። ኦኤስፒኤፍ የመንገድን ዋጋ የሚያወጣው 100 ሚሊዮንን በተነገረው ባንድዊድዝ በማካፈል ነው፤ ዋጋው ያነሰው ይመረጣል። ማንም እውነቱን ስላልነገረው ለቀጥታው 64፣ ለዙሪያው 128 ሰጠ፤ ቀርፋፋውን መረጠ። ልጁ 2000 ብሎ ሲጽፍ ደግሞ የቀጥታው ዋጋ ወደ 50 ወረደ። መፍትሔ ያለው ነገር ራውተሩን ከቀርፋፋው መስመር ጋር ይበልጥ አጣበቀው። 1 ሜጋባይት ፋይል በዚያ መስመር ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ በዙሪያው ግን ሩብ ደቂቃ ገደማ ነው።

ዛሬ ሲሪያል ኬብል ከሥልጠና ክፍል ውጭ ብዙም አይታይም። ችግሩ ግን አልሞተም። 1 ጊጋቢት በሚያስተናግድ ወደብ ላይ 20 ሜጋቢት የገዛ መሥሪያ ቤት ቁጥሩን ካላስተካከለ፣ ራውተሩ አሁንም በወደቡ ስም ይታለላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ይህን ታሪክ ሪፖርት የሚጽፉ ሰዎች ቢሰሙት ይጠቅማል። የወረዳ ባለሙያ ያልተዳረሰ ውኃ ተዳርሷል ብሎ ሲጽፍ ቧንቧው ውስጥ አንዲት ጠብታ አይጨምርም። ጉዳቱ ግን እዚያ አያበቃም። በላይ ያለው ቁጥሩን አምኖ በጀቱን ወደ ሌላ ቦታ ይልካል፤ ቦቴው በዚያ ቀበሌ በኩል አያልፍም። ወሳኙ ሰው ሰነፍ ወይም ክፉ መሆን አያስፈልገውም። እንደ ራውተሩ ሒሳቡን በትክክል ሠርቶ የተሳሳተ መንገድ ይመርጣል።

መምህሩ ልጁን አንድ ነገር ብቻ አዘዘው፦ እውነተኛዎቹን ቁጥሮች ጻፍ። ልጁ በ512 ላይ አልተቸገረም፤ 64 ብሎ ለመጻፍ ግን አመነታ፤ መስመሩን ያዋረደው መሰለው። ጻፈው። የቀጥታው ዋጋ 1562 ሆነ፣ የዙሪያው 390። ኬብል ሳይቀየር፣ ብር ሳይወጣ፣ ፋይሉ በመሀለኛው ከተማ ዞሮ ደረሰ።